መልስ፦ ሩሲያውያን ስታሊንን ለምን ያወድሳሉ?

«ስታሊን ያን ሁሉ ሰው ፈጅቶ እንዴት ያወድሱታል? ፕሮፓጋንዳ ነው አይደል?» ብለሃል። ፕሮፓጋንዳው አለ፤ ግን ነገሩ በእሱ ብቻ አያልቅም።

መጀመሪያ 1990ዎቹን እይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በጥር 1992 መንግሥት የዋጋ ቁጥጥሩን አነሳ። በዚያ ዓመት ብቻ ዋጋ ከ20 እጥፍ በላይ ናረ። ጡረተኛው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ገንዘብ ውሃ በላው። ፋብሪካዎች ለወራት ደመወዝ አይከፍሉም ነበር። አንዳንዱ በገንዘብ ፋንታ የራሱን ምርት ይሰጣል፤ ሠራተኛው ድስቱን ወይ ፎጣውን ይዞ መንገድ ዳር ይቸረችራል። በ1998 ደግሞ ሩብል ወደቀ። ይሄ ሁሉ የመጣው በዴሞክራሲ ስም ነው። ከዚያ ፑቲን መጣ፣ የነዳጅ ዋጋ ጨመረ፣ ጡረታም በጊዜው መከፈል ጀመረ። ሰው ጠንካራ መሪንና የኑሮ መረጋጋትን ቢያያይዝ ምን ይገርማል?

በ2019 ሌቫዳ የተባለው ገለልተኛ የጥናት ማዕከል ሲጠይቅ፣ 70 በመቶው የስታሊን ሚና ለአገሪቱ በጎ ነበር ብሏል። ቁጥሩን ግን እንዳለ አትዋጠው። ስሙ ሲነሳ ብዙው የሚያስበው በናዚ ጀርመን ላይ የተገኘውን የ1945ቱን ድል እንጂ ጉላግን፣ ማለትም የግዳጅ ሥራ ካምፖቹን፣ አይደለም። በእኔ ግምት ከፊሉ የዛሬዎቹን ሙሰኛ ባለሥልጣናት በእሱ ስም መስደቡ ነው።

ሁሉም እንዲህ ነው ማለትም አይደለም። ሞስኮ ውስጥ አንዳንድ ሕንፃ ላይ ፖስትካርድ የምታክል የብረት ሰሌዳ አለች። በስታሊን ዘመን የተገደለ አንድ ሰው ስም፣ ሥራ፣ የታሰረበትና የተገደለበት ቀን ተጽፎባታል፤ በፎቶው ቦታ ባዶ ቀዳዳ ነው። የሚያሰቅሏት ተራ ዜጎች ናቸው። የሚነቅላትም አይጠፋም።

በ2021 መጨረሻ ደግሞ የዚያን ዘመን ሰለባዎች ሲመዘግብ የኖረው ሜሞሪያል የተባለው ድርጅት እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ወሰነ። እዚህ ላይ የመንግሥት እጅ አለበት ካልከኝ አልከራከርህም።