ጥቁሯ መኪናዬ ማታ ፎቶ ላይ ለምን ትጠፋለች?

የአንባቢያን ጥያቄና የፎቶ ባለሙያችን መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥቁር የቤት መኪና አለችኝ። ማታ ፎቶ ላነሳት ስሞክር ቦዲዋ ከጨለማው ጋር ይቀላቀልና የፊት መብራቶቿ ብቻ ሁለት ነጭ ክብ ሆነው ይቀራሉ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 6400 ሳደርሰው ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። በፍላሽ ስሞክር ደግሞ ቦግ ብሎ የሚታየው ታርጋው ብቻ ነው። የማነሳው ካሜራውን በእጄ ይዤ ነው። የተሻለ ካሜራ ልግዛ?

መልስ፦ ካሜራዎን አይቀይሩ። ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ነፋስ የማያወዛውዘው ጠንካራ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ይግዙበት፤ ከተረፈዎት አንድ ጥሩ የእጅ ባትሪ ይጨምሩ።

የቆመች መኪና ስለማትንቀሳቀስ አይኤስኦውን ወደ ላይ የሚሰቅሉበት ምክንያት የለም። 100 ላይ ያድርጉት፤ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ኤፍ 8። ከ6400 ወደ 100 ሲወርዱ ካሜራው 64 እጥፍ ብርሃን ይፈልጋል፤ በዚያው አፐርቸር በእጅዎ በ1/4 ሴኮንድ ያነሱት የነበረው አሁን 16 ሴኮንድ ይወስዳል። ትራይፖዱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የማንሻውን ቁልፍ በጣትዎ ሲጫኑ ካሜራው እንዳይነቃነቅ የ2 ሴኮንድ ማዘግያውን ይጠቀሙ። የሌንሱን ማረጋጊያ ያጥፉት። ሞተሩንም ያጥፉት፤ ሞተር ከተነሳ ቦዲው ይርገበገባል፣ ጠርዙም ይፈዛል። ፎከሱን ለማስተካከል ባትሪዎን ታርጋው ላይ አብርተው በስክሪኑ አጉልተው ይዩ፤ ሲጠራ ሌንሱን ወደ ማኑዋል (በእጅ ማስተካከያ) ያዙሩና አይንኩት።

ይህ ሁሉ ግን አሸዋውን ያጠፋልዎታል እንጂ መኪናዋን አያወጣልዎትም። ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው፦ ጥቁር ቀለም መስታወት ነው። ነጭ መኪና ብርሃን ሲያርፍባት በየአቅጣጫው ትበትነዋለች፤ ከየትም ቢያዩዋት ትታያለች። ጥቁሯ ግን ከራሷ የምታሳየው ብዙም የላትም፤ የምታሳየው ፊት ለፊቷ ያለውን ነው። ፊቷ ያለው ጥቁር ሰማይ ከሆነ ጥቁር ሰማይ ታሳይዎታለች። ፍላሽዎም ያልሠራው ለዚሁ ነው። ብርሃኑ ያዘነበለው ኮፈን ላይ ሲያርፍ ነጥሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ታርጋው ግን ብርሃንን ወደመጣበት በሚመልስ ነገር የተሸፈነ ስለሆነ ቀጥታ ወደ ሌንስዎ ይልከዋል።

እኔ ይህ የገባኝ አንዲት ጥቁር መኪና በአንድ የመንገድ መብራት ሥር አቁሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከካሜራው ቁጥሮች ጋር ስታገል ካመሸሁ በኋላ ነው። ባለቤቷ ሊሄድ መኪናዋን አዞረ፤ ጎኗ መብራት ከተጥለቀለቀበት ረጅም ነጭ ግድግዳ ጋር ሲገጥም ከፊት መብራት እስከ ኋላ መብራት አንድ ንጹሕ የብርሃን መስመር ተዘረጋ። «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። የካሜራው ቁጥር አንድም አልተለወጠም ነበር።

ስለዚህ ትራይፖዱን ከመዘርጋትዎ በፊት ካሜራው በሚቆምበት ከፍታ ቁጢጥ ብለው ኮፈኑን ይመልከቱ። የመንገዱ መብራት እንደ ጠብታ ተቀምጦበት ያገኙታል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሲሉ ጠብታዋ በበሩ ላይ ተንሸራታ ስፖኪዮው ጋ ስትደርስ ትሰወራለች። መኪናዋን ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ አንዳንዴ ፎቶውን ያድነዋል። ከሁሉ የሚመረጠው ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያለው ነው፤ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ስለሆነ ጣሪያዋንና ኮፈኗን በለሰለሰ ብርሃን ይሞላቸዋል።

ድቅድቅ ጨለማ ከሆነ መስመሩን እርስዎ ይሥሩት። ጥቁር ልብስ ይልበሱ፤ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) ለ20 ሴኮንድ ይክፈቱና ረዘም ያለ የኤልኢዲ ዘንግ ከጣሪያዋ በላይ ከፍ አድርገው ከኋላ ወደ ፊት በእኩል እርምጃ ይሂዱ። የቆሙበት ቦታ ሁሉ ነጭ ቋጠሮ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ አይቁሙ። መብራቱ ወደ ሌንሱ እንዳይዞር። አንዱን ፎቶ ለጣሪያው፣ አንዱን ለጎኗ፣ አንዱን ለቸርኬዎቿ ያንሱና ካሜራው ሳይነቃነቅ የተነሱትን በፎቶሾፕ «ላይተን» በሚባለው፣ ከየፎቶው ደማቁን ክፍል በሚያስቀረው ስልት ይደራርቧቸው። ነጭ ክብ የሆኑብዎት የፊት መብራቶችም የራሳቸው ፎቶ ይኑራቸው፦ ሹተሩ ተከፍቶ ሳለ ሰው አብርቶ ከ1 ሴኮንድ በኋላ ያጥፋቸው።

ከመጀመርዎ በፊት የፊት ጎማዎቹን ቸርኬው ወደ ካሜራው እንዲያይ አድርገው መሪውን ያዙሩ። ፖላራይዘር የሚባለውን ማጣሪያ ብዙዎች ይመክራሉ፤ የመስታወት ነጸብራቅ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ለጥቁር መኪና ግን እኔ አወልቀዋለሁ፤ የደከሙለትን መስመር ራሱን ሊያጠፋው ይችላል። ቦታው ደግሞ መኪና የማያልፍበት ግቢ ይሁን፤ በጨለማ ጥቁር ለብሶ መንገድ ዳር መሥራት አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ቀይ መኪናዬ በመንገድ መብራት ሥር ቡናማ ሆና ትወጣለች። በኮምፒውተር ብሞክርም አልተስተካከለም።

መልስ፦ መብራቱ ቢጫው የሶዲየም መብራት ይመስለኛል። በተለይ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ዓይነት ከቢጫ ሌላ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። በብርሃኑ ውስጥ ቀይ ከሌለ መኪናዋ የምትመልሰው ቀይ አይኖርም፤ ያልተነሳውን ቀለም ደግሞ ኮምፒውተር አያመጣውም። የመንገዱ መብራት ወደማይደርስበት ወስደው በራስዎ ነጭ ባትሪ ያብሩላት፤ ፎቶውንም በጄፔግ ሳይሆን ካሜራው የመዘገበውን ሁሉ በሚይዘው በሮው ፋይል ያስቀምጡ፤ የተረፈውን ትንሽ ቢጫነት ያኔ ማስተካከል ይችላሉ።