መልስ፦ የሃኮኔው ምስጢራዊ ሳጥን ያለ ቁልፍ እንዴት ይዘጋል?

ሁለት ነገር ጠይቀዋል፤ ሳጥኑ ያለ ቁልፍ እንዴት እንደሚዘጋና በላዩ ያለው ንድፍ በቀለም የተሳለ መሆን አለመሆኑን። ከንድፉ ልጀምር፤ ቀለም የሚባል ነገር አልነካውም። ነጩም ቢጫውም ጥቁሩም የየዛፉ የራሱ መልክ ነው። ይህ የእንጨት ንድፍ ሙያ በጃፓን ሃኮኔ ተራራ፣ ሃታጁኩ በምትባል መንደር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢሺካዋ ኒሄይ በተባለ ባለሙያ እንደተጀመረ ይነገራል።

ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች በሙጫ ተጣብቀው፣ ተቆርጠው፣ ዳግም ተገጣጥመው አንድ ወፍራም ጣውላ ይሆናሉ። ከዚያ ባለሙያው በመላጊያ ይልገዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳው ልጣጭ ሙሉውን ንድፍ ይዞ፣ ሳይበጣጠስ ተጠቅልሎ ይወጣል። በካውያ ተተኩሶ ሳጥኑ ላይ ይለጠፋል።

መዝጊያው ግን ከንድፉ በታች ነው። የጎን ጣውላዎቹ በቦይና በምላስ (ቦዩ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ጠርዝ) የተያያዙ ናቸው። አንዱ ጎን ጥቂት ሚሊሜትር ሲንሸራተት ሌላውን ይለቃል፤ ያም ቀጣዩን፤ በመጨረሻ ክዳኑ ይከፈታል። ለመዝጋት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። 4 እንቅስቃሴ የሚበቃቸው አሉ፤ 72 የሚፈልጉም አሉ።

ራስዎ ሊሠሩ ካሰቡ በ4 እንቅስቃሴ፣ ያለ ልጣጭ ይጀምሩ። በደንብ የደረቀ እንጨት ይምረጡ፤ እርጥበት ያለው በኋላ ይጣመምና ጣውላዎቹ አልንሸራተት ይላሉ። ሲጠብቅብዎ በጉልበት አይግፉት፤ ምላሱ ይሰበራል።