ቦት ከቦት 500 ጊዜ ተጫውቶ ያሸነፈ የኩብ ስልት ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ጂኤንዩ ባክጋመን የተባለውን ቦት (በዳይስና በጠጠር የሚጫወቱትን ባክጋመን የሚጫወት ፕሮግራም) እርስ በርሱ አጫወትከው፤ አንዱ ወገን የማሸነፍ ዕድሉ 70 በመቶ ሲደርስ ኩብ ይሰጣል (የጨዋታው ዋጋ እጥፍ ይሁን ይላል)፣ ኩብ ሲሰጠው ደግሞ ዕድሉ ከ25 በመቶ በታች ከሆነ ይተዋል (እጥፍ ከመሆኑ በፊት በነበረው ዋጋ ይሸነፋል)። በ500 ጨዋታ 40 ነጥብ በለጠ። ስልቱ ይሠራል ወይ?

ከዚህ ተነስተህ ይሠራል ማለት አትችልም ወንድሜ። ኩብ ያለበት ጨዋታ አንዱ በ1 ነጥብ ያልቃል፣ ሌላው 8 ወይም 16 ይደርሳል። የአንድ ጨዋታ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ውጤቱ ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን) 3 ነጥብ ነው ብለን ብንይዝ፣ የ500ው ድምር በዳይስ ዕድል ብቻ ወደ 67 ነጥብ ወዲህና ወዲያ ይዋዥቃል (3 በ500 ስኩዌር ሩት ሲባዛ)። ያንተ 40 እዚያው ውስጥ ሰምጧል። በአንድ ጨዋታ የ0.05 ነጥብ ብልጫን ከዕድል ለመለየት 14,400 ጨዋታ ግድም ይጠይቃል።

ስለዚህ ሙሉ ጨዋታውን ተወውና ውሳኔውን ለይተህ ፈትን። ያንተ ደንብና ቦቱ የማይስማሙባቸውን ከ50 እስከ 100 አቀማመጦች አስቀምጥ፤ እያንዳንዱን በኩብ ሮልአውት አስኪድ (ቦቱ ከዚያ አቀማመጥ ተነስቶ ደጋግሞ ይጫወትና አማካዩን ያወጣል)። ሙከራው 1296 ይሁን፤ 36 በ36 ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውርወራዎች እኩል ይዳረሳሉ። ቫሪያንስ ሪዳክሽን (የዳይስ ዕድል የሚያመጣውን መዋዠቅ የሚቀንሰው) ይብራ፣ ኩቡ በስሌቱ ውስጥ ይግባ፣ ጨዋታው መሃል ላይ አይቆረጥ። ለጠጠሩም ለኩቡም 2-ፕላይ በቂ ነው (ፕላይ ቦቱ ስንት ተራ ወደፊት እንደሚያይ ይለካል)። ኤክስትሪም ጋመን የተባለው ሌላ ፕሮግራም ይህንኑ ጥልቀት 3-ፕላይ ይለዋል፤ ሁለቱን ስታወዳድር እንዳትሳሳት።

ሦስት ቁጥር (በአንድ ጨዋታ የሚጠበቅ አማካይ ነጥብ) ታገኛለህ፦ ሳትሰጥ፣ ሰጥተህ ሲቀበል፣ ሰጥተህ ሲተው። የመጨረሻው ሁልጊዜ 1.000 ነው። ተጋጣሚህ ለራሱ የሚሻለውን ስለሚመርጥ ከኋለኞቹ ሁለት ትንሹን ያዝ፤ እሱ ከመጀመሪያው ከበለጠ መስጠት ነበረብህ። ልዩነቱ ከጥምር ስህተቱ ሁለት እጥፍ ካነሰ ግን አትፍረድ፣ ሙከራውን ጨምር። ስህተቱ በግማሽ የሚወርደው ሙከራው አራት እጥፍ ሲሆን ነው።

70 በመቶ የሚለው ደንብህ ራሱ የሚወድቅበትን ቦታ ያለ ቦት ማየት ይቻላል። በ5ኛውና በ2ኛው ቤት አንድ አንድ ጠጠር ቀርቶሃል፣ ተጋጣሚህ አንድ ጠጠር ብቻ ስላለው በሚቀጥለው ተራ ይጨርሳል። ከ36 ውርወራ 19ኙ ያስጨርሱሃል፤ 52.8 በመቶ ማለት ነው። ካልሰጠህ ትርፍህ 0.056፣ ከሰጠህ 0.111 ነው። ደንብህ ግን ዝም ይላል! ወሳኙ መቶኛው ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥሉት ሁለት ውርወራዎች ጨዋታው ምን ያህል ይገለበጣል የሚለው ነው።

25 በመቶውም ጋመን (ተሸናፊው አንድም ጠጠር ሳያወጣ የሚሸነፍበት፣ እጥፍ የሚቆጠር ሽንፈት) ለሌለበትና ኩቡ ዳግመኛ ለማይዞርበት ብቻ ነው። ጋመን ሲኖር እንዲህ አስላው፦ ከ100 ጨዋታ 30 ታሸንፋለህ፣ 45 በተራ፣ 25 በጋመን ትሸነፋለህ። ከተቀበልክ 60 ሲቀነስ 90 ሲቀነስ 100፣ ማለትም −130 ነው፤ ብትተው −100። ኩቡ በእጅህ መሆኑ ጥቂት ይክስሃል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ይህን ያህል አይሞላውም። ስክሪፕትህ 30 በመቶን አይቶ ይቀበላል።

ከመጀመርህ በፊት የጃኮቢ ሕግ በሁሉም ሙከራ ወይ ይብራ ወይ ይጥፋ፤ ሲበራ ኩቡ ካልዞረ ጋመን እንደ አንድ ነጥብ ብቻ ስለሚቆጠር «ሳትሰጥ» የሚለው ቁጥር ይለወጣል። በማች ውጤት (የተወሰነ ነጥብ እስኪሞላ በሚደረግ ግጥሚያ) የሚደረገውን ከገንዘብ ጨዋታው ጋር አትደባልቅ፤ ለእሱ ለብቻው ፋይል ክፈት።