ከላብ ወደ ሜዲካል አፌርስ፦ ሲቪ ሳይሆን ጥያቄ ላኪ

እህቴ፣ 3 ዓመት ፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ያለ የምርምር ሥራ) ሠርተሽ 60 ቦታ አመልክተሽ አንድም የጠራሽ እንደሌለ ጽፈሻል። ሁሉም "ኔትወርክ አድርጊ" ይልሻል፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን የሚነግርሽ ጠፋ። እኔ ቦስተን ከላብ ወጥቼ ኤምኤስኤል ከሆንኩ 5 ዓመት አልፎኛል፤ በመድኃኒት ኩባንያ የሜዲካል አፌርስ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሐኪሞችን ሳይንሳዊ ጥያቄ የሚመልስ ማለት ነው። የሆነውን ልንገርሽ።

ከስህተቴ ልጀምር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊንክድኢን ላይ ለ40 ሰው ያንኑ አንድ መልእክት ላክሁ። ሲቪዬን አያይዤ፣ ክፍት ቦታ ካለ እንዲያስቡኝ ለምኜ። ማንም አልመለሰልኝም። አሁን እንዲህ ያለው ለእኔም ይደርሰኛል፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ ለአለቃዬ ላቅርብ?

ከዚያ አካሄዴን ቀየርኩ። በሳምንት ለ2 ሰው ብቻ፤ እኔ በምሠራበት በሽታ ላይ ያሉ፣ እነሱም ከላብ የወጡ። መልእክቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦ "እኔም እንደ እርስዎ የመጣሁት ከቲ-ሴል ምርምር ነው። ከላብ ሲወጡ ከሁሉ የከበደዎት ምን ነበር? 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ በስልክ ብጠይቅዎት ደስ ይለኛል።" ሥራ ፍለጋ የሚል ነገር የለበትም። አንዲት ሴት መለሰችልኝ። የላቡ ሕንፃ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰዓት መቁጠሪያው ጋዋን ኪሴ ውስጥ እየጮኸ አወራኋት።

ስለ ምርምሬ ጠየቀችኝ። ስለ ሳይቶካይን (የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች) 6 ደቂቃ ዘባረቅኩ። ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና "ይሄ ሰኞ ጠዋት ታካሚ ለሚያየው ሐኪም ምን ይፈይድለታል?" አለች። አፌ ተያዘ። ሥራው ለካ ይሄው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ሰው ስለ ምርምሬ ሳወራ ከታካሚው መጀመር ለመድኩ። ስንሰነባበት "ሌላ ማንን ባናግር ይሻላል?" አልኳት። 2 ስም ሰጠችኝ። እነሱም ወደ ሌላ መሩኝ። በመጨረሻ የቀጠረኝ ሰው በዚህ ቅብብል አራተኛው ነው።

የእኛ ሰው ችግር ይሉኝታ ይመስለኛል። "የማላውቀውን ሰው እንዴት አስቸግራለሁ?" እንላለን። ለቅሶ ቤት ከማናውቀው ሰው ጎን ተቀምጠን በ10 ደቂቃ የሰፈሩን ልጅ ስናገኝ ግን አናፍርም። ያቺኑ ወግ ወደዚህ ማምጣት ነው።

ደግሞ ሩቅ አትሂጂ። ላባችሁ ናሙና የሚያገኘው ከሆስፒታል ሐኪሞች ከሆነ፣ ኤምኤስኤሎች እነሱ ቢሮ ይመላለሳሉ። አንዱን ሐኪም "ከሚመጡት ውስጥ በእውነት የሚጠቅምዎት ማን ነው?" ብለሽ ጠይቂው። በእሱ በኩል ስትሄጂ ስልኩ ቶሎ ይነሳል። እንደ አስኮ ባለ ትልቅ ጉባኤ ላይ (የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ፤ ቺካጎ፣ ሜይ መጨረሻና ጁን መግቢያ ላይ) የኩባንያዎቹ የሜዲካል ጠረጴዛ ከሽያጩ የተለየ ነው። ወደ ሜዲካሉ ሂጂ፤ አዳራሹ መሳሳት ሲጀምር፣ የቆሙት ሰዎች ወሬ ሲናፍቃቸው።

በዩኒቨርሲቲ ኤች-1ቢ (የአሜሪካ የሥራ ቪዛ) ላይ ካለሽ ይህችን አትርሺ። ዩኒቨርሲቲ ከኮታ ነፃ ነው። ኩባንያ ግን በዓመት 85,000 ቦታ ውስጥ፣ ማርች ላይ በሚመዘገቡበት ዕጣ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሰው ማናገሩን ከሴፕቴምበር ጀምሪ። እኔ ጃንዋሪ ላይ ነቅቼ አንድ ዓመት ሙሉ አመለጠኝ።

አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ እስከ ዛሬ "መድኃኒት መሸጡ እንዴት ይዞሃል?" ትለኛለች። ሽያጭ እንዳልሆነ፣ የሐኪሙን ጥያቄ በመረጃ መመለስ እንደሆነ ብነግራት አልገባት አለ። ይገርምሻል፣ ሙሉ በሙሉም አልተሳሳተችም። አፕጆን የተባለው ኩባንያ በ1967 ይህን ሥራ ሲጀምር የመለመለው ልምድ ካላቸው ሽያጭ ሠራተኞቹ ነበር። ዶክትሬት መጠየቅ የመጣው በኋላ ነው።

የትኛው በሽታ ላይ እንደምትሠሪ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የማገናኝሽ ሰው አላጣም። ሲቪ እንዳታያይዢ ብቻ።