መድኃኒት የተረጨው ተምች በማግስቱ ለምን አልሞተም?

ከምዕራብ ጎጃም ሜጫ አካባቢ የጻፉልን የበቆሎ አምራች እንዲህ ሲሉ ይጠይቃሉ፦ «ጉልበት ያህል የደረሰውን በቆሎዬን የአሜሪካ መጤ ተምች ስለወረረው ክሎራንትራኒሊፕሮል የተባለውን መድኃኒት ረጨሁ። በማግስቱ ሳይ ትሎቹ በሕይወት አሉ። ቀድሞ የምጠቀምበት ማላታዮን ግን ወዲያው ያንፈራግጣቸው ነበር። መጠኑን እጥፍ ላድርገው ወይስ ሁለቱን ልቀላቅል?»

ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ አንዱንም አያድርጉ። ሁለቱ ኬሚካሎች የሚመቱት የትሉን የተለያየ የውስጥ ክፍል ስለሆነ፣ የአንዱን ሥራ በሌላው ምልክት መመዘን ያሳስታል።

ማላታዮን ነርቭን ይመታል። ነርቭ መልእክቱን ካስተላለፈ በኋላ የመልእክቱን ቅመም የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ፤ ማላታዮን ይህን ኢንዛይም ሥራ ያስፈታዋል፤ ነርቩም ዕረፍት አጥቶ ትሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። ይኸው ኢንዛይም በእኛም አካል ውስጥ ስላለ፣ መጠን ማብዛት ከማንም በፊት የሚጎዳው መርጫውን በጀርባው የተሸከመውን ሰው ነው።

እርስዎ የረጩት ኬሚካል ግን የሚሠራው ጡንቻ ላይ ሲሆን፣ በይበልጥ የሚገባውም ትሉ የተረጨውን ቅጠል ሲበላ ነው። የትሉ የፊትና የኋላ አንጀት በውስጥ በኩል እንደ ቆዳው ባለ ጠንካራ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ መካከለኛው አንጀት ይህ ልባጭ ስለሌለው መርዙ በዋናነት በዚያ በኩል ያልፋል። ነፍሳት ደማቸው በሥር ተከልሎ ሳይሆን በሆድ ዕቃቸው መካከል ሁሉ እየፈሰሰ የሚዘዋወር በመሆኑ፣ አንጀትን ያለፈ መርዝ ከጡንቻዎች ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ጡንቻው በጓዳው ያስቀመጠው ካልሲየም ያለ ልክ ይፈስሳል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ከዚያም ይዝላል። የመንጋጋ ጡንቻም ከዚሁ ስለማያመልጥ ትሉ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፤ እስኪሞት ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። ያዩት ሕያው ትል ምናልባት ከእንግዲህ ቅጠል የማይጎዳ ትል ነው።

ይህን ለማረጋገጥ በተረጨ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከተለያዩ ተክሎች ዐሥር ያህል ትሎች ያንሡ። እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ ለየብቻቸው፣ ክዳኑ በተበሳ ዕቃ ውስጥ፣ ካልተረጨ ለጋ ቅጠል ጋር ያስቀምጧቸው። ሰውነታቸው ያጠረና የዛለ፣ ቅጠሉንም ያልነኩ ከሆነ መድኃኒቱ ደርሷቸዋል። በማሳውም ላይ ሰጋቱራ የመሰለው ኩሳቸው እርጥብና አዲስ መሆኑን ወይም መድረቁን ይመልከቱ።

በልተው ካደሩ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው አረጫጨቱን ነው። ትልልቆቹ ትሎች በበቆሎው እምብርት ገብተው በኩሳቸው ስለሚደፍኑት፣ ከላይ በችኮላ ያለፈ ርጭት አይደርስባቸውም። ከዚህም ሌላ በትሉ ሆድ ውስጥ የስብ አካል የሚባል፣ እንደ ጉበት መርዝን የሚያፈርስ ክፍል አለ፤ ትሉ ባደገ ቁጥር ይህ ክፍል ስለሚዳብር፣ ሕፃኑን ትል የገደለው መጠን ለስድስተኛው የዕድገት እርከን ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ርጭቱ ትሎቹ ገና ጥቃቅን ሳሉ፣ የመርጫው አፍ ወደ እምብርቱ ዞሮ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ ይሁን።

ዳግም መርጨት ግድ ከሆነ በአካባቢዎ የግብርና ባለሙያ አማካይነት ከሌላ ቤተሰብ የሆነ፣ ማለትም ትሉን በሌላ መንገድ የሚመታ መድኃኒት ይምረጡ። ያንኑ የጡንቻ መርዝ ደጋግሞ መርጨት የሚቋቋሙትን ትሎች ለይቶ ያራባል። በቆሎው ወንዴ አበባ ካወጣ ንቦች ጽጌውን ስለሚሰበስቡ፣ ርጭቱን ንቦቹ ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ ያድርጉት፤ ማላታዮን እርጥብ ሳለ የነካት ንብ እንደ ተምቹ በነርቭዋ ተመትታ ትሞታለች።