ዝምታሽ እሺታ ተብሎ እንዳይጻፍ

አሰላሙ ዓለይኪ እህቴ፣

ከሸዋ ሮቢት የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። አምስት ዓመት ሕግ ተምረሽ የመውጫ ፈተናውን አልፈሻል፤ በሰሜን ሸዋ በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት የሬጅስትራር (የመዝገብ ሥራ ኃላፊ) ክፍት መደብ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ደግሞ የአንድ ዓመት ኮንትራት ሊሰጥሽ ይችላል። በዚህ መሐል ጅዳ የሚኖር የአባትሽ ወዳጅ ልጅ ለኒካህ (ለጋብቻ) ጠይቆሻል። አባትሽ ሥራውን ከኒካሁ በኋላ ባልሽን አስፈቅደሽ እንድትጀምሪ ይፈልጋሉ፤ አጎትሽ ግን ሴት ችሎት ውስጥ ከወንዶች ጋር መዋሏ በሸሪዓ አይፈቀድም ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ሰውየውን እንደማትጠዪው፣ ነገር ግን እስከ ዛሬ ማንም “ትፈልጊያለሽ ወይ?” ብሎ እንዳልጠየቀሽ የጻፍሽው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። እኔ ከዚያ መስመር እጀምራለሁ።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ድንግሊቱ ፈቃዷ ሳይጠየቅ እንደማትዳር ከተናገረ በኋላ ፈቃዷ ዝምታዋ እንደሆነ ይጨምራል። ይህ “እሺ” ለማለት ለምታፍር ልጅ የተሰጠ ማቅለያ ነበር፤ በእኛ አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ ጥያቄው ይረሳና ዝምታው ብቻ ይቆጠራል። ሳይጠይቁሽ የቀሩት ቤተሰቦችሽ መጽሐፍ የሌላቸው እንዳይመስሉሽ፤ በሻፊዒይ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አስተምህሮ) አባት ድንግል ልጁን ሳያስፈቅድ ሊድር ይችላል የሚል የቆየ አቋም አለ። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ያለ ፈቃዷ አትዳርም። አቡ ዳውድና ኢብን ማጃህም ሳትወድ ስለተዳረች አንዲት ልጃገረድ ይዘግባሉ፤ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በነገረቻቸው ጊዜ ምርጫውን ለራሷ ሰጧት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት መደንገጉን አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ።

ችሎትን በሚመለከት አጎትሽ ያነሡት ክርክር ያረጀ ነው፤ መልሱም እንደዚያው ያረጀ ነው። ከሊቃውንቱ የሚበዙት ሴት ቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) እንዳትሆን ቢሉም ኢማም አቡ ሐኒፋ ምስክርነቷ ተቀባይነት ባለው ጉዳይ መዳኘቷን ፈቅደዋል፤ ኢማም ጦበሪም ገደብ ሳያደርጉ እንደፈቀዱ ይነገራል። በኢንዶኔዥያ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ሴቶች ለአሥርተ ዓመታት ሲዳኙ ኖረዋል፤ በፍልስጤምም እ.ኤ.አ. በ2009 ሴቶች በሸሪዓ ፍርድ ቤት ዳኝነት ተሹመዋል። ለነገሩ አንቺ ያመለከትሽው ለሬጅስትራርነት እንጂ ለቃዲነት አይደለም፤ አጎትሽ ያልተጠየቁትን መልሰዋል።

እኔ በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ከቆላው የመጣች ሴት፣ ከባሏ ጋር ሃያ ዓመት ሽንኩርትና ማሾ አምርታ ቤት የሠራች፣ ከባሏ ሽማግሌዎች ጋር ቀርባ ለመደበኛው ፍርድ ቤት ያቀረበችውን የፍቺና የንብረት ክስ ማንሣቷን፣ ጉዳይዋም በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ መስማማቷን በሚገልጽ ወረቀት ላይ በጣቷ ፈረመች። የተጻፈውን ማንም አላነበበላትም፤ እኔም አላነበብኩላትም፤ መዝገቡን ዘግቼ ቁጥር ሰጠሁት። ከወራት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ያገኘችው ያልተከፈላትን መህር (ባል ለሚስቱ በኒካሁ የሚሰጠውን ሀብት) እና የዒዳዋን (ከፍቺ በኋላ የምትቆይበትን ጊዜ) ቀለብ ብቻ ነበር፤ ቤቱና ገንዘቡ በባሏ ስም ስለነበሩ ለእሱ ቀሩ። እሷ የፈረመችው የመጥሪያ መቀበያ መስሏት ነበር።

ይህን የምነግርሽ ሸሪዓውን ልከስ አይደለም። ሸሪዓ የባልንና የሚስትን ንብረት አይቀላቅልም፤ የኒሳእ ምዕራፍ 32ኛው አንቀጽ ለሴቶችም ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው ይናገራል፤ ስለዚህ እንደ አንቺ ደሞዝ ያላት ሴት ገንዘቧ የራሷ ብቻ ነው፤ ባሏ ሊነካባት አይችልም። በቤተሰብ ሕጉ ግን በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ገቢ በመርሕ ደረጃ የጋራ ነው። ለደሞዝተኛዋ የመጀመሪያው ሊሻላት ይችላል፤ ስሟ የትም ሳይጻፍ ሃያ ዓመት ለደከመችው ደግሞ ሁለተኛው። አንቀጽ 34 የሃይማኖት ዳኝነትን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ የመሠረተው፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ1996 ዓ.ም. ተቃውሞዋን እያሰማች በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለተዳኘች ሙስሊም ሴት የወሰነላት በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ፈቃድ የሚሰጠው አዲስ አበባ በምክር ቤት አዳራሽ ሳይሆን በወረዳው መስኮት ላይ ነው። በዚያ መስኮት ሕግ የተማረች፣ መህርና ዒዳ ምን እንደሆኑ ሳይነገራት የምታውቅ ሴት ብትቀመጥ “እማማ፣ ይህ ወረቀት እንዲህ ይላል” ብላ ማንበብ አያቅታትም። ስለዚህ የወረዳውን መደብ ያዢ እላለሁ። የእርዳታ ድርጅቱ ደሞዝ ይበልጣል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ኮንትራቱም ያልቃል።

ሰውየውን የማትጠዪው ከሆነ እምቢ በዪ አልልሽም። ሆኖም ሥራን “ከኒካሁ በኋላ” ማለት በእጅሽ ያለውን ነገር ሁሉ ካስረከብሽ በኋላ መለመን ነው። በጋብቻ የተገባ ሸርጥ (ቅድመ ሁኔታ) ከሁሉም በላይ ሊሟላ የሚገባው እንደሆነ ሐዲሱ ይናገራል፤ ሐንበሊዮች ይህን አጥብቀው ይይዛሉ፣ ሻፊዒዮች ያላሉታል። ስለዚህ መሥራትሽን በኒካሁ ላይ በሸርጥነት ከማስያዝሽ በተጨማሪ ሕጉ ከጋብቻ በፊት ወይም በዕለቱ እንዲደረግ በሚፈቅደው የጋብቻ ውል ላይም በምስክሮች ፊት አስጽፊው። ጅዳ ወስዶ ሊያኖርሽ ወይስ እዚህ ሊያስቀምጥሽ እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቂው፤ ለእኔ አልጻፍሽልኝም፣ ምናልባት ለአንቺም አልተነገረሽም።

ወንድምሽ ወደ ሳዑዲ የሄደበትን ገንዘብ ይኸው ሰው እንደከፈለና አባትሽ በዚያ እንደሚያፍሩ ጽፈሻል። እውነቱን ልንገርሽ፦ ያ ብድር ነው፤ ባለዕዳውም ወንድምሽ ነው። መህር ለሙሽራዪቱ የሚሰጥ የራሷ ሀብት ነው፤ የወንድሟ መንገድ ሒሳብ መዝጊያ አይደለም። አባትሽ ለሽንኩርት ነጋዴ ዱቤ ሲሰጡ ልጁን እንደማይቀበሉት ሁሉ የእርሳቸውም ልጅ ለዕዳ አትቆጠርም። ወንድምሽ ሠርቶ ይክፈል፤ አንቺም ከደሞዝሽ ማገዝ ከፈለግሽ በወር በወር ቆርጠሽ በጽሑፍ ክፈይ።

ስለ ሂጃብሽ አትጨነቂ፤ ሂጃብ ለብሰው የሚዳኙም የሚከራከሩም አሉ። ሁለተኛ ዲግሪውን ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ አስቢበት።

ማመልከቻሽን በዚህ ሳምንት አስገቢ። አባትሽን አጎትሽ በሌሉበት፣ ቢቻል አክስትሽ ባሉበት አነጋግሪያቸው። ማስረጃ ደርድረሽ አትከራከሪያቸው፤ ለእኔ የጻፍሽውን “አልጠላሁትም፣ ግን አልተጠየቅሁም” የሚለውን ቃል እንዳለ ንገሪያቸውና መልሳቸውን ጠብቂ።