ብቻሽን ወደ ውጭ ለበጎ ፈቃድ ስትሄጂ፦ ከሻንጣው በፊት የሚያልቁ ጉዳዮች

እህቴ፣ ጥያቄሽ "ለሦስት ወር ውጭ አገር በበጎ ፈቃድ ላገለግል ነው፤ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም፤ ምን ልያዝ፣ ምንስ ልጠንቀቅ?" የሚል ነው። እስካሁን የመለሱልሽ አብዛኞቹ ስለ ሻንጣ ነው የጻፉት። እሱ ቀላሉ ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ዝግጅትሽን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ፈትኚው፦ እዚያ ደርሼ ነገሩ ባያምረኝ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ በማግስቱ መውጣት እችላለሁ? ፓስፖርቱ በእጅሽ፣ የመመለሻ ቲኬቱ በስምሽ፣ ገንዘቡ በራስሽ ካርድ ከሆነ ትችያለሽ። ከሦስቱ አንዱ ድርጅቱ ጋ ከሆነ ገና አልተዘጋጀሽም።

ከቪዛው ጀምሪ። "ደመወዝ ስለማይከፈለኝ ሥራ አይባልም" ብሎ በቱሪስት ቪዛ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። በብዙ አገሮች ግን ያለ ክፍያ የሚሠራም እንደ ሥራ ይታያል፣ በተለይ በምትኩ ምግብና ማደሪያ ከተሰጠ። ለምሳሌ እንግሊዝ በጎብኚ ቪዛ የገባ ሰው በጎ ፈቃድ እንዲሠራ የምትፈቅደው በተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ብቻ፣ ያውም ቢበዛ ለ30 ቀን ነው፤ ለሦስት ወር ሌላ ዓይነት ቪዛ ይፈለጋል። "ለጉብኝት ነው የመጣሁት በይ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚገባው" የሚል ድርጅት ካጋጠመሽ ተይው። ተይዞ የሚመለሰው፣ የመግቢያ ክልከላውም የሚመዘገብበት ተጓዡ ነው እንጂ ድርጅቱ አይደለም።

የቀን ቆጠራውም ሰው ያጠምዳል። በሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) የአጭር ጊዜ ቪዛ የሚፈቅደው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ሲሆን፣ የገባሽበትም የወጣሽበትም ቀን ይቆጠራል። "የሦስት ወር ፕሮግራም" ከጁላይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ከሆነ 92 ቀን ይመጣል፤ በሁለት ቀን ሕግ ጣስሽ ማለት ነው። ቪዛው ላይ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን" የሚለውን ብቻ አትይ፤ የቆይታ ቀን ብዛት ለብቻው ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜም ያንሳል። ፓስፖርትሽ ከምትደርሺበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው፣ ሁለት ባዶ ገጽም ያለው ይሁን። ሁሉም አገር ይህን አይጠይቅም፤ ግን አየር መንገዶች ገና ስትነሺ ስለሚያዩት ለክርክር ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ድርጅቱ። የሚነግሩሽን ሁሉ በኢሜይል በጽሑፍ አስመልሺ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ የዕረፍት ቀኑ መቼ፣ ከማን ጋር ነው ክፍል የምጋራው፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ፣ የቅርብ አለቃዬ ማን ነው፣ ሌሊት ቢያመኝ ለማን ነው የምደውለው፣ መሀል ላይ ባቋርጥ ምን ይሆናል። ስለ በሩ ቁልፍ በመጠየቅሽ የሚገረም ሰው ካለ፣ ያ ራሱ መልስ ነው። ገንዘብ መጠየቃቸው ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ ለምግብና ለማደሪያ የሚያስከፍሉ ቀና ድርጅቶች አሉ፤ ሆኖም ምኑ ለምን እንደሚውል ዘርዝረው ያሳዩሽ። ክፍያው በግለሰብ ስም ይላክ ከተባለ እዚያው አቁሚ። በተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ስም "የምዝገባ ክፍያ" የሚጠይቅሽ ሰው ደግሞ ያለ ጥርጥር አጭበርባሪ ነው፤ ፕሮግራሙ በየትኛውም ደረጃ አመልካች አያስከፍልም። ቀድሞ እዚያ ያገለገሉ ሁለት ሰዎች አነጋግሪ፣ ድርጅቱ ከመረጠልሽ ይልቅ ራስሽ ፈልገሽ ያገኘሻቸውን።

ከልጆች ጋር የምትሠሪ ከሆነ፣ የወንጀል ነጻ ማስረጃ ሳይጠይቅ የሚቀበልሽን ድርጅት ሽሺ። አንቺን ያላጣራ ሌላውንም አላጣራም። ለአጭር ጊዜ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ መግባትን በተመለከተ ደግሞ አቋሜ ግልጽ ነው፦ አልመክርም። እዚያ ካሉት ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው ልጆች ናቸው፤ ከፋይ እንግዳ ሲበዛ ልጅ ከቤቱ እየተወሰደ የሚሞላ ተቋምም ይበዛል።

ፓስፖርትሽን "ለደኅንነቱ እኛ እናስቀምጥልሽ" ቢሉሽ አሳዪያቸው፣ ኮፒ ያድርጉ፣ ወዲያው ተቀበይ። ለዚህ ማመካኛ የለውም።

ጤናን በተመለከተ ከጉዞው 6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብለሽ ክትባት የሚሰጥበት ሂጂ። የቢጫ ወባ ምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በዋዜማው ተወግቶ ድንበር ላይ የሚቆም ሰው አለ። አንዴ ከጸና ለዕድሜ ልክ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው 0፣ 1 እና 6 ወር ላይ ስለሚሰጥ ዘግይተሽ ከጀመርሽ ሦስተኛው ከተመለስሽ በኋላ ይሆናል። ወባ ያለበት ቦታ ከሆነ የመከላከያ ኪኒን ከወጣሽም በኋላ እንደሚቀጥል አትርሺ፦ ዶክሲሳይክሊን 4 ሳምንት፣ አቶቫኮን ፕሮጓኒል 7 ቀን። ቤት ገባሁ ብሎ ያቋረጠ ሊታመም ይችላል።

የጉዞ መድን ስትገዢ ከሚሸፍነው ይልቅ የማይሸፍነውን ገጽ አንብቢ። ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን መድን ይጠየቃል፤ ነገር ግን ብዙ ውሎች የጉልበት ሥራን፣ ከፍታ ላይ መሥራትንና ሞተር ሳይክልን ያስወጣሉ። ግንባታ ልታግዢ ሄደሽ ከመሰላል ብትወድቂ፣ "ተጓዥ" ብሎ የመዘገበሽ መድን ላይከፍል ይችላል። በጎ ፈቃድ ሥራ የሚል ቃል በውሉ ውስጥ መኖሩን አረጋግጪ።

ገንዘብ፦ ሁለት ካርድ፣ በሁለት ቦታ። ኤቲኤም "በአገርሽ ገንዘብ ልቁጠርልሽ?" ብሎ ሲጠይቅሽ እምቢ በዪ፤ ያገሩን ገንዘብ ምረጪ፣ አለዚያ ምንዛሪው ላይ ይጫንብሻል። የማይነካ ተቀማጭ ይኑርሽ፤ ልኩ ቲኬት ለማስቀየርና ለአንድ ሳምንት ማደሪያ የሚበቃ ነው።

በረራውን በሁለት የተለያዩ ቲኬቶች አትግዢ፣ ርካሽ ቢሆንም። መሀል ላይ ሻንጣሽን ራስሽ አውጥተሽ እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርብሽ ነው፤ ለዚያ ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ለማለፍ ደግሞ ያላወጣሽው ቪዛ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅሽም፣ ገንዘቡንም የሚመልስ የለም። መድረሻሽ በቀን ብርሃን ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ማደሪያ ራስሽ ያዢ። የጥሪ ደብዳቤውን፣ የድርጅቱን አድራሻና ስልክ፣ የመመለሻ ቲኬቱን አትመሽ በእጅሽ ያዢ፤ ስልክ እዚያው ወረፋ ላይ ባትሪ ይጨርሳል። ለመኮንኑ የምትናገሪው፣ ደብዳቤው የሚለውና ቪዛው የሚለው አንድ ይሁን። ጥያቄውን መልሰሽ ዝም በይ። የሚቀበልሽ ሰው ስሙንና የመኪናውን ታርጋ ቀድሞ ይላክልሽ።

ሻንጣው እንግዲህ። ብቻሽን ደረጃ ላይ ማንሳት የማትችይውን አትያዢ። መድኃኒት በፋርማሲው ማሸጊያና ከሐኪም ማዘዣ ጋር በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ኮዴይንና ትራማዶል የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ያሉባቸው መድኃኒቶች አንዳንድ አገር ያሳስራሉ። ፓወር ባንክም እንዲሁ በእጅ ነው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። የተለመደው ወሰን 100 ዋት ሰዓት ነው፦ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) የሚለውን በ3.7 (የባትሪው ቮልት) አባዝተሽ ለ1,000 ስታካፍይው 74 ይመጣል፣ ያልፋል። 30,000 ግን 111 ስለሆነ የአየር መንገዱ ፈቃድ ይፈልጋል።

ቤተሰብሽን "በየቀኑ እደውላለሁ" አትበያቸው። ኔትወርክ ይጠፋል፣ እነሱ ይጨነቃሉ፣ ሲደጋገም ደግሞ መቅረትሽን ይለምዱታል። ረቡዕና እሑድ፣ በታወቀ ሰዓት ይሁን። ሳትደውዪ ከቀጠሮው በኋላ 12 ሰዓት ሙሉ ካለፈ ለአለቃሽ፣ እሱ ካላነሳ ለኤምባሲው እንዲደውሉ ሁለቱንም ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ተይላቸው።